አራት ወገብ፣ አንድ ገመድ

አጥቂ ማግኘት ምን ችግር አለው! ካርቱም ውስጥ ኳስ የነካ ልጅ ሁሉ አጥቂ ነኝ ይልሃል። ጎል አግብቶ ማሊያውን አውልቆ መሮጥ ማን ይጠላል? ተከላካይ ግን እንደዚያ አይገኝም። የሚታወቀው ሲሳሳት ብቻ ነው፤ ጨዋታውን ሙሉ ልክ ሆኖ የዋለ ቀን ስሙን የሚጠራለት የለም። ዕድሜዬን በመሐል ተከላካይነት ስለጨረስኩ ይህን ስናገር ትንሽ እበሳጫለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጦርነቱ ከካርቱም ርቆ ሰው ወደየሰፈሩ መመለስ ሲጀምር የጀሪፍ ክለባችንም ከተበተነበት ተሰበሰበ። ፕሬዚዳንቱ ከፖርት ሱዳን ደወለልኝና፣ «ያ ኦመር፣ አጥቂዎቹን እኛ እናመጣለን። አንተ የተከላካይ መስመሩን ሥራልን። ሊጉ ሲጀመር ዝግጁ ይሁን፤ ያላ!» አለኝ። ያኔ ገዳሪፍ ነበርኩ። እናቴን ለተብርሃንን እዚያው በተሰደድንበት ቀብሬ፣ መሄዱም መቅረቱም አስጠልቶኝ ተቀምጬ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግን ሻንጣዬን መፈለግ ጀመርኩ።

ሜዳችን እንደ ድሮው አልጠበቀኝም። የተመልካቹን ጥላ ቆርቆሮ ነቅለው ወስደውታል። መድፍ የቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ የሰፈሩ ሰዎች ከጀሪፍ የጡብ ምድጃዎች ባመጡት ስባሪ ስለሞሉት፣ ሣሩ መሐል እዚህም እዚያም ቀይ መሬት አለ። እዚያ ላይ የወደቀ ተጫዋች ቀልቶ ይነሳል።

በሩ ላይ የጠበቀኝ ፈድለላ ነበር። ፈድለላ አምበላችን ነው፤ ለዓመታት ከጎኔ የተሰለፈ የመሐል ተከላካይ። እንደ እኔው እናቱ ሀበሻ፣ አባቱ ሱዳናዊ ናቸው፤ ግማሽ ዕድሜውን የበላውም እኛ ቤት ነው። ተቃቅፈን ስናበቃ ከፌስታል ውስጥ አንድ ነገር አወጣ። ገና ሳየው አወቅሁት። የእናቴ ገመድ ነበር።

ስለዚህ ገመድ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ወጣት ሳለን የነበረው አሰልጣኛችን አራቱን ተከላካዮች በአንድ ገመድ ወገባችንን አስሮ ያሮጠን ነበር። አራታችን እኩል ከወጣን፣ እኩል ከተመለስን ገመዱ ዝም ይላል። አንዱ ከዘገየ ወይም ከፈጠነ ግን ተወጥሮ ሁላችንንም ይጎትተናል፤ አንዳንዴም አንድ ላይ ይዘርረናል። ሸካራ የጭነት ገመድ ስለነበር ወገባችንን ላጠው። እናቴ አንድ ቀን ወገቤን አየችና፣ «ልጄን እንደ በሬ የጠመደው ማነው?» ብላ ጮኸች። እሷ እዚሁ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ወይዘሮ ቤት ትሠራ ነበር። ወይዘሮዋ ያረጁ ቶቦቻቸውን ይሰጧታል፤ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ያንን ረጅም ጨርቅ። ቢጫውን፣ ሐምራዊውን፣ አረንጓዴውን ቀዳ ቀዳ ፈትላ፣ ባለ አራት ማሰሪያ ገመድ ገምዳ አመጣችልን።

አቤት የተሳቀብን ሳቅ! የሌላ ክለብ ልጆች በአጥር ላይ ተንጠልጥለው «የሚዜ ጨርቅ ታጥቀዋል!» ይሉን ነበር። እኛ ግን ለመድነው። በቀኝ በለጠ፣ መሐል ፈድለላና እኔ፣ በግራ ሙሐመድአወል። እናቴ ዓርብ ዓርብ የእረፍት ቀኗ ስለሆነ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ መስመሩ ዳር ትቀመጥና፣ «አትለያዩ! አትለያዩ!» እያለች ትጮኻለች። ስለ ኳስ የምታውቀው ያንኑ ብቻ ነበር። ጨርቅ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት፤ እንደ እውነተኛ ተከላካይ ከሮጣችሁበት እሱም ቢሆን ወገብ ያቀላል። ማታ ማታ ቲሸርታችንን ገልጠን የማን ወገብ የበለጠ እንደቀላ እንፎካከር ነበር። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ በሕይወቴ የለም።

አሁን በለጠ ካይሮ ነው። ሙሐመድአወል ቤቱ ላይ የመድፍ ጥይት ወድቆ፣ እዚሁ ጀሪፍ መቃብር ውስጥ ተኝቷል። እኔ ጫማ ከሰቀልኩ ቆይቻለሁ። ከአራታችን ለመጫወት የቀረው ፈድለላ ብቻ ነው። እሱ ከጀሪፍ ንቅንቅ አላለም። የቧንቧው ውሃ ሲቋረጥ ክለቡ ውስጥ ተረስቶ የቀረውን ገመድ አውጥቶ ባልዲ አሰረበት፤ ከአሮጌ ጉድጓድ እየቀዳ ለሰፈሩ ሁሉ ያድል ነበር። ውሃ ተሸክሞ ሲሄድ ነው ኬላ ላይ ጉልበቱን በሰደፍ የመቱት። ማን እንደመታው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

«ኦመር፣» አለኝ ያን ቀን፣ «አንድ የውድድር ዘመን ብቻ። ጀሪፍ ላይ ኳስ ሲጀመር ሜዳ ውስጥ ቆሜ ልየው። ከዚያ ኸላስ፣ እተወዋለሁ።»

«ወላሂ ትጫወታለህ!» አልኩት። ለሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ጉልበትህን አሳየኝ እል ነበር።

ዝግጅት ጀመርን። በቀኝ ሙሀነድ፣ መሐል ጸጋዬና ፈድለላ፣ በግራ ዓለምነህ። ከፈድለላ በቀር ሁሉም ከየስደቱ የተመለሱ ወጣቶች ናቸው። ሙዕተዝ የሚባል ፈጣን ልጅ ደግሞ በፈድለላ ቦታ ተጠባባቂ አደረግሁት። ፈድለላ ገመዱን አስታጠቃቸው፣ እኔ ፊሽካ ነፋሁ፤ ከዚያ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ወደ ፊት ሲወጡ አንድ ላይ፣ ሲመለሱ አንድ ላይ። ገመዱ ረገብ ብሎ ይወዛወዛል እንጂ አንድም ጊዜ አይወጠርም። እኛ ይህን ለማድረግ ወራት ፈጅቶብን ነበር። የለስላሳ ሳጥኑ የነበረበትን ቦታ እያየሁ፣ ዕንባዬ እንዳይታወቅብኝ ፀሐዩ ነው ብዬ ኮፍያዬን ዝቅ አደረግሁ። ሳምንታት እንደዚያ አለፉ። ዋናው አሰልጣኝም «መስመሩ አልቋል፣ ማሻላህ» አለኝ።

ከዚያ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ከሚባለው የከተማው ክፍል ከመጣ ክለብ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ገጠምን። ወዳጅነቱን ያዩት እነሱ ናቸው እንጂ እኛስ ጉድ ሆንን። አጥቂዎቻቸው ከኋላችን እየሾለኩ ያለ ከልካይ ከበረኛችን ጋር ይፋጠጣሉ። አንዴ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባላል፤ የገቡብን ጎሎች ሁሉ በዚያው መንገድ የገቡ ናቸው። እኔ መስመር ዳር ሆኜ ስጮኽ ድምፄ ጠፋ። ከጨዋታው በኋላ ዓለምነህን ያዝኩት።

«ዓይንህ የት ነው ያለው? ሰውዬው በአጠገብህ አልፎ ሲሄድ ሰላም ልትለው ነበር እንዴ?»

«ማለሽ ጋሼ፤ አጠፋሁ፣» አለና አቀረቀረ። ማለሽ እዚህ አገር ለሁሉ ነገር ይቅርታ ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ አናደደኝ። ያን ቀን አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። ፈድለላ ጫማውን እየፈታ ይሰማን ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሊጉ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ ፈድለላ ጉልበቱ አብጦበት በረዶ ሊያስይዝ ሄዶ ዘገየ። ልጆቹን በከንቱ ላለማስቆም የእሱን ማሰሪያ እኔ ታጠቅሁ። ሙዕተዝን ላስገባ እችል ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገመዱ አማረኝ። ስጋት ግን ነበረኝ። ገዳሪፍ ቁጭ ብዬ ያወጣሁት ሆድ አለ፤ ልጆቹ ይጎትቱኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁ።

አልተጎተትኩም። ወጣን፣ ተመለስን፣ እንደገና ወጣን። ገመዱ ረገብ እንዳለ ነው። መጀመሪያ ልቤ በኩራት ሞላ፤ አሁንም አለሁ ለካ አልኩ። ከዚያ ሆዴን አየሁት። የዚህ ሆድ ባለቤት ከእነዚህ ልጆች እኩል የሚሮጠው በምን ተአምር ነው? ቆምኩ።

«ለምንድነው የምትንቀራፈፉት?»

ዓለምነህ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ጋሼ፣ ለምደነው ነው። ገመዱ ሊወጠር ሲል በወገባችን እናውቃለን፣ ያኔ ቀስ እንላለን። ካፒቴን ከወደቀ ጉልበቱ ኸላስ ነው።»

«ነግሯችሁ ነው?»

«ኧረ እሱ! አልነገረንም። እኛም እርስ በርሳችን አልተነጋገርንም። እኔ ስሰደድ እዚህ የቀረችው እናቴ እኮ ያን ጊዜ የጠጣችው የእሱን ውሃ ነው ጋሼ። የጸጋዬም እናት። እንዴት አድርገን እንጎትተው?»

«በጨዋታስ ቀን? በጨዋታ ቀን ገመድ የለም!»

«እግራችን ለመደዋ፣» አለ ዓለምነህ።

የሚገባኝን አገኘሁ። ገመዱ መርገቡን እያየሁ ተግባቡ ብዬ ሳለቅስ፣ ለካ ሦስት ጤነኛ ልጆች በአንድ በተጎዳ ጉልበት ልክ መሮጥ ሲማሩ ነው የከረሙት። ሊጉ ውስጥ እንዲህ ከገባን ክለቡ ገና ከመነሳቱ ይወድቃል። ፈድለላ መውጣት አለበት፤ የማልኩለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ወፋ ሻይ በወተት አቀረበችልን። ስለ መብራቱ አወራሁ፣ ስለ አባይ መሙላት አወራሁ፣ ካይሮ ስላለው በለጠ አወራሁ። ፈድለላ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ያዳምጠኛል።

በመጨረሻ፣ «ያ ዘውል፣ አንተ ሰውዬ፣ ሻይህ በረደ፣» አለኝ። «ንገረኝና ጠጣ።»

ብርጭቆውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እሱ ቲሸርቱን ገለጥ አድርጎ ወገቡን አሳየኝ።

«እየው። አንድ ጭረት የለበትም። ስንት ጊዜ ታጠቅሁት? እናታችን፣ ኡሚ ለተብርሃን፣ ብታየው ምን ትል ነበር?»

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ልጆቹ ተሸክመውኝ እንደሚሮጡ የማላውቅ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ!» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ በቀኜ በለጠ፣ በግራዬ አንተ ያላችሁ ይመስለኛል። ሙሐመድአወል ከዚያ ማዶ እየተሳደበ። አንድ ቀን ብቻ ልጨምር፣ አንድ ቀን ብቻ ልጨምር እያልኩ ነው የቆየሁት። ያን ልጅ ስትሰድበው ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ሁለታችንም አለቀስን። ወፋ በሩ ላይ ብቅ ብላ አየችንና ተመልሳ ገባች።

«ነገ እለቃለሁ፣» አለኝ ሲሸኘኝ። «እንዴት እንደምለቅ ግን ለእኔ ተወው።»

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ ሜዳው ላይ ነበር። ሦስቱን ልጆች አስታጠቃቸው፤ የራሱን ማሰሪያም ወገቡ ላይ አጥብቆ ቋጠረ። ሙዕተዝን ጠርቶ አጠገቡ አቆመው።

«ስሙኝ፣» አላቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ቦታዬ የሙዕተዝ ነው። እሱን እንደ እኔ እሹሩሩ ብትሉት አልምራችሁም። አሁን ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባላችሁ ጉልበት ትሮጣላችሁ። እኔን አታዩኝም።»

ዓለምነህ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ አልችልም።»

«እሱን ምን ታየዋለህ?» ፈድለላ ቱግ አለ። «አምበልህ ማነው? እኔ አዛውንት አይደለሁም፤ ተከላካይ ነኝ! እንደ ተከላካይ ጎትተህ ጣለኝ እንጂ እንደ ዕቃ አታኑረኝ!»

ላስቆመው ይገባ ነበር። ጉልበቱን አውቃለሁ፤ አሰልጣኝ ነኝ። ግን እኔም አንድ ቀን በዚያ ገመድ ውስጥ የነበርኩ ሰው ነኝ። ፊሽካውን ነፋሁ።

ዓለምነህ መጀመሪያ ተነሳ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እነዚያ ልጆች እንዲህ እንደሚሮጡ አላውቅም ነበር! ፈድለላ ጥቂት እርምጃ አብሯቸው ሄደ፤ የእውነት አብሯቸው ሄደ። ከዚያ ገመዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጠረ። ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ አረንጓዴው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፈድለላን ጎትቶ ቀዩ መሬት ላይ ዘረረው። እነሱም ተያይዘው ወደቁ። የጡብ አቧራው ሸፈናቸው።

እየሮጥኩ ደረስኩ። በጎኑ ተኝቷል፤ ፊቱ፣ ፀጉሩ፣ ጥርሱ ሳይቀር ቀይ ሆኗል። ልጆቹ ደንግጠው ከበውታል፤ ዓለምነህ ያለቅሳል። ጉልበቱን ልይዝለት ጎንበስ ስል እጄን መታ አደረገው።

«ጉልበቱን ተወው፣» አለኝ። ማሰሪያውን ፈትቶ ለሙዕተዝ አቀበለና ቲሸርቱን እስከ ደረቱ ገለጠው። ወገቡ ዙሪያውን ተልጦ ነበር።

«አየኸው ኦመር?» አለ እየሳቀ። «የእኔ ይበልጣል።»