የሰንበት አንድ ዲግሪ

እማማ ወርቅዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ዕቃ «እንዴት አደርሽ» ማለት ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ዕቃዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ የክፍሉን ሙቀት ትመዘግባለች። መልስ ባትሰጥም አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ታደርጋለች። በዚህ ቤት ይህን ያህል እንኳ የሚመልስላቸው ከጠፋ ቆይቷል።

ዛሬ ኦሽራት ልትነቅላት መጣች። ኦሽራት በኢየሩሳሌምና በዙሪያዋ ያሉ አሮጌ ሕንፃዎችን ብርድ መከላከያ አልብሶ መስኮታቸውን የሚቀይር መሥሪያ ቤት ባለሙያ ናት። እዚሁ አገር ስለተወለደች አማርኛዋ ይሰባበራል። ቂርያት ሃዮቨል በሚባለው የኢየሩሳሌም ሰፈር ካለው ከዚህ ሕንፃ ለናሙና የተመረጠው አራተኛ ፎቅ ያለው የእማማ ወርቅዬ ቤት ነው። ቅድሚያ የሚያገኘው ሙቀት የሚያባክን ሕንፃ ነው። ከታች የምትኖረው የጎረቤታቸው የማዛል ሕፃን ክረምቱን ሙሉ ሲስል ለሚሰማ ሰው ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ዕቃዋን የለጠፈች ዕለት ኦሽራት «እንደ ሁልጊዜ ይኑሩ» ብላቸው ነበር። ስንት ሰው እንደሚኖርም ጠየቀች።

«እኔና ልጄ አቪሃይ» አሉ እማማ ወርቅዬ። ለሰፈሩም የሚሉት ይህንኑ ነው። አቪሃይ ግን ከሄደ ሦስት ዓመቱ። ዕቃዋ የተለጠፈችው በልጃቸው ክፍል ነው፤ ባዶነቱን አውቃ ገመናቸውን እንዳታወጣባቸው ፈሩና ያለቻቸውን አንዲት ማሞቂያ ከአልጋቸው አጠገብ አንሥተው ባዶው ክፍል አስገቡ። ክፍሉ ቀን ከሌት ይሞቃል፤ እሳቸው ሳሎን ካፖርት ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ሃያ ዓመት በጽዳት የሠሩበት፣ እዚሁ ኢየሩሳሌም «ኢትዮጵያ ጎዳና» ላይ ያለው ቤት የድንጋይ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ነበር፤ የዚህኛው ግን ንፋስ ያሳልፋል። ለማን ብለው እንደሚበርዳቸው እንኳ ራሳቸውን አልጠየቁም።

ኦሽራት ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ፈገግ አለች። «ዲራው… ቤቱ ሞቃት ነው፣ እማማ። ሃያ ሁለት። ጥሩ ነው። ሕንፃው መጨረሻ ተራ ይገባል።»

መጨረሻ ተራ። እማማ ወርቅዬ ይህን አላሰቡትም ነበር። ከታች የሕፃኑ ሳል ተሰማ።

«ግን ሻባት…» ኦሽራት መስመሩን በጣቷ ተከተለች። «ዓርብ ማታ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አሥር። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ዲግሪ ይወጣል። ሁለቱም ሻባት። ማሞቂያ በርቷል? ከበራ ልኬቱ ትክክል አይሆንም፣ ይሄን እሰርዛለሁ። ካልበራ ግን ግድግዳው ምንም አይይዝም ማለት ነው። ሕንፃው መጀመሪያ ይገባል።»

መውጫው ቀላል ነበር፤ «አቪሃይ አብርቶት ነው» ማለት ብቻ። ግን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጎንደር እንደነበረው እንደ አባታቸው ቤት፣ እማማ ወርቅዬ እሳት የሚባል ነገር ያጠፋሉ። እንዲያ ካሉ ልጃቸውን ሰንበት ሻሪ ሊያደርጉት ነው። የማዛልንም ሕፃን ለሌላ ክረምት ብርድ ሊሰጡት።

«በሰንበት እሳት አይነድም» አሉ።

«ታዲያ ምን አሞቀው?»

«ሰው ነው ያሞቀው።»

«አቪሃይ?»

«እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቼ አልጋው ላይ ቁጭ እላለሁ። ልጄ ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ፒስጋት ዘኤቭ ነው የሚኖረው። በሌላው ቀን ማሞቂያውን ያበራሁት ለታይታ ነው። እዚህ ሰው የለም፣ ልጄ።»

ኦሽራት የሰንበቱን መስመር ሳትሰርዝ መዝግባ ያዘች። ቅጹ ላይ ሁለት የሚለውን ሰርዛ አንድ ጻፈች። ዕቃዋን ነቀለች። በር ላይ የእማማ ወርቅዬን እጅ ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ሌላ ቤት ይጠብቃት ነበርና ሄደች።

እማማ ወርቅዬ ማሞቂያዋን ወደ አልጋቸው መለሱ። ከቀትር በኋላ፣ ያ ክፍል ከበረደ ወዲያ፣ ገብተው በሩን ዘጉና አልጋው ላይ ተቀመጡ። ማክሰኞ ነው እንጂ ሰንበት አይደለም። ዕቃዋ የነበረችበት ቦታ ትንሽ ሙጫ ቀርቷል። ከታች፣ ከፒስጋት ዘኤቭ የሚመጣው ባቡር ደወሉን አሰምቶ ቆመ፤ ሄደ። ሰው አራት ፎቅ ወጥቶ የሚደርስበትን ያህል ጠበቁ። ማንም አላንኳኳም። ክፍሉ ግን ትንሽ ሞቅ ብሎ ነበር፤ የሚመዘግበው ጠፋ እንጂ።