ባለከረሜላዋ ጃኒን

"ድምፁን ቀንሰው!" አለች ጃኒን፤ ቅቤ የነካውን ቢላዋ በእጇ እንደያዘች ከጠረጴዛው ዘወር ብላ። "ጎረቤት ይሰማል።"

"ጎረቤትማ ማታውኑ ሰምቷል። አገር በሙሉ ሰምቷል።" ልጇ ዴክላን ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። "እይው እንጂ እማዬ፤ አንቺ ነሽ።"

እሷ ናት። ቢጫውን የሥራ ካፖርቷን ለብሳ፣ የባሕሩ ነፋስ አፍንጫዋን አቅልቶት፣ የትምህርት ቤት ልጆች የምታሻግርበትን ረጅም ዘንግ እንደ ጦር አቁማ ትታያለች። "እፈራለሁ፤" ትላለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ጃኒን። "ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።" ወዲያው ምስሉ ይቀየርና የኪንግፊሸር ሆቴል በር ላይ ቆመው የሚያጨሱ ወጣት ስደተኞች ይመጣሉ። አለቀ።

"ሌላውስ?"

"ሌላው ምን?"

"የቀረው ንግግሬ ነዋ! ሻዬ በእጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ነው እኮ ያወራሁት።"

"ያለው ይኸው ነው።"

ጃኒን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጋዜጠኛው ጃስፐር ትናንት መሻገሪያው ላይ መጥቶ "ትፈሪያለሽ?" ሲላት "እፈራለሁ" ብላዋለች፤ ውሸት አልነበረም። ግን ነገሩ እዚያ ላይ አላበቃም ነበር። "እፈራለሁ፤ ስፈጠርም ፈሪ ነኝ፤" ነበር ያለችው። "የዓሣ መኪና ልጅ ይገጭብኛል ብዬ እፈራለሁ። ልጄ ሲያመሽ ሆስፒታል እደውላለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።" ከዚያ ደግሞ ንዴቷን አወጣችው። መንግሥት ስደተኞቹን ለማስፈር የከተማዋን አንድ ለእናቱ ትልቅ ሆቴል ሲከራይ ማንንም እንዳልጠየቀ፣ አስተናጋጆቹ በአንድ ጀንበር እንደተባረሩ፣ ሐኪም ቤቱ ድሮም ወረፋው የማይቀመስ እንደነበር፣ ጥገኝነት ጠያቂዎቹን በጨለማ ከአውቶቡስ አራግፎ ከሄደ ወዲህ ለእነሱም ለከተማውም ዞር ብሎ ያየ ባለሥልጣን እንደሌለ። "የተናደድኩት ለንደን በተቀመጡት ነው። የሆቴሉን ሕፃናትማ በየቀኑ አሻግራቸዋለሁ፣ ምን በደሉኝ?" ብላም ነበር። ጃስፐር ራሱን እየነቀነቀ "ግሩም፣ ግሩም" ሲላት ሁሉንም የወሰደው መስሏት ነበር።

ዴክላን ቆሞ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን ያነባል። "አንዱ 'ይቺን ጠንቋይ ከልጆች አርቁልን' ብሏል። ሌላው ደግሞ 'የእንግሊዝ እናት ማለት ይቺ ናት፣ ወንዶቹ የት ናችሁ?' ይላል።"

"ዝጋው።"

"እውነቱን ነው። ወንዶቹ የት ነን? ዛሬ ከሰዓት ሆቴሉ ፊት ሰልፍ አለ። እሄዳለሁ።"

የጃኒን እጅ ሻይዋ ላይ ቀጥ አለ። "የትም አትሄድም።"

"እናቴን አገር መሳቂያ ሲያደርጋት ጎማ እየነፋሁ ልዋል?"

"የጎረቤታችን የጄሚ እናት ልጇን የምታየው የት ነው? እስር ቤት! ጠባቂ እላያቸው ላይ ቆሞ! ሰልፍ ላይ አንድ ጠርሙስ ነው የወረወረው፤ አንድ!"

"እኔ ምንም አልወረውርም። ዝም ብዬ እቆማለሁ።"

"ጄሚም ሊቆም ነበር የሄደው።"

ዴክላን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደሚሠራበት ጎሚስታ ቤት ወጣ። ጃኒን በመስኮት ተከትላ አየችው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ያልፈራችው ነገር የለም። ፖሊስ ልጇን አንበርክኮ እጁን ወደ ኋላ ሲጠመዝዘው አሁኑኑ፣ ጠራርጋ ባላበቃችው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቁልጭ ብሎ ታያት።

ወደ ሥራ ለመውጣት ካፖርቷን ለማንሳት ስትነሳ ስልኳ ጮኸ። የማዘጋጃ ቤት አለቃዋ ነው።

"ጃኒን፣ የመሥሪያ ቤቱን ካፖርት ለብሰው ነው ለቴሌቪዥን የተናገሩት። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከዛሬ ጀምሮ መሻገሪያው ላይ እንዳይወጡ።"

"ቆርጠው እኮ ነው ያወጡት። ሙሉውን ቢሰሙት..."

"እሱ ይጣራል።"

"እሺ ይጣራ። ዛሬ ልጆቹን ማን ያሻግራቸዋል?"

የወረቀት መገለባበጥ ተሰማ። "ሰው እየፈለግን ነው። ሰኞ ሳይሆን አይቀርም።"

"መኪናው ሰኞን ይጠብቃል?"

"ካፖርቱን እንዳይለብሱ፤ ይኸው ነው መልእክቴ፤" ብሎ ዘጋ።

ወዲያው ለጃስፐር ደወለች። ጠዋቱን በሙሉ ደወለች። ከምሳ በኋላ ነው ያነሳላት።

"ጃኒንዬ! ኮከባችን!"

"የቀረውን ንግግሬን አውጣው።"

"አየሽ፣ ሰው ረጅም ነገር አያይም። እኔም አለቃ አለብኝ። ግን እንዲህ እናድርግ፤ ዛሬ ሰልፉ ላይ ነን፣ በቀጥታ። ያሻሽን ትናገሪያለሽ። በቀጥታ ማንም አይቆርጥሽም።"

በቀጥታ። ጃኒን ስልኩን ዘግታ ቃሉን ስታገላብጠው በሩ ተንኳኳ። ሼረል ናት፤ እንደ እህት የምታያት ጓደኛዋ። ኪንግፊሸር እስኪከራይ ድረስ ዕድሜዋን እዚያ አስተናጋጅ ነበረች። የጃኒን ባል ተቀብሮ ሲመለሱ ለቀብርተኛው ሻይና ሳንድዊች ያቀረበችው እሷ ነበረች። አሁን በማታ ቢሮ ታጸዳለች። ትልቅ ካርቶን በብብቷ ይዛለች።

"አትጩኺብኝ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤" ብላ ካርቶኑን ገለበጠችው። "ጃኒን እንቅልፍ የላትም!" ይላል፣ በቀይ።

"ሼረል! አብደሻል?"

"ምነው፣ አለሽ እንዴ? ልብሽ እስኪጠፋ ፈሪ መሆንሽን እኔ አጣሁት?"

"ከእነሱ ጋር ምን አገናኘው?"

ሼረል ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ። "ስሚኝ። ሥራዬን ሲወስዱብኝ ለሁሉም ጻፍኩ። ለምክር ቤት አባሉ ጻፍኩ። ማንም 'ደረሰን' እንኳ አላለኝም። አንቺ አንዴ አፍሽን ከፈትሽ፣ አገር ሰማ። ታዲያ በዚህ ካልተጠቀምን በምን እንጠቀም?"

ሼረል እውነቷን ነው። "በስንት ሰዓት ነው?" አለች ጃኒን።

"ማታ ልናደርገው ነበር። የቴሌቪዥኖቹ ሰዎች ብርሃን ሳለ ይሻላል ስላሉ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አመጣነው። ከባሕሩ ዳር ተነስተን፣ በትምህርት ቤቱ በኩል አድርገን..."

"ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት?"

ሼረል ካርቶኗን መልሳ አነሳች። "እሱን አላሰብነውም። ለማንኛውም ልጅሽ ደውሎልኝ ነበር፤ ፊት ለፊት እሄዳለሁ ብሏል። ኩሪበት እንጂ።"

ሼረል ከሄደች በኋላ ጃኒን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቢጫው ካፖርት መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። ከአጠገቡ፣ ጥግ ላይ፣ ዘንጉ ቆሟል። ጫፉ ላይ "ቁም" የሚል ትልቅ ክብ ምልክት ስላለውና እንጨት ላይ የተሰካ ከረሜላ ስለሚመስል ልጆቹ "ከረሜላው" ይሉታል፤ እሷንም ባለከረሜላዋ ጃኒን። ዴክላንን በሆዷ ይዛ ሳለ የጀመረችው ሥራ ነው።

ካፖርቱን እንዳትለብስ ነው የተባለችው። ስለ ዘንጉ የተባለ ነገር የለም። የቤት ሹራቧን እንደለበሰች ዘንጉን ይዛ ወጣች።

ስትደርስ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደውሎ ልጆቹ በሩ ላይ ተጠጋግተዋል። መኪና ግን አልነበረም። ከታች፣ ከባሕሩ በኩል፣ ሰልፉ የመንገዱን ወርድ ሞልቶ እየመጣ ነው። ፖሊሶቹ ሆቴሉን ከበው ስለቆሙ እዚህ አንድም ፖሊስ የለም። ከሰልፉ መሃል የምታውቃቸውን አየች፤ ጡረተኞች፣ ጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ካርቶኗን ከፍ አድርጋ የያዘች ሼረል። ፊት ፊት የሚሄዱት ግን ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ ጎረምሶች ናቸው። "ይውጡ! ይውጡ!" ይላሉ።

ከመካከላቸው አንዱ በቀኝ ትከሻው ዘመም ብሎ፣ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ይራመዳል። ፊቱን ማየት አላስፈለጋትም። ዴክላን ልጅ ሆኖም ብስኩት ሰርቆ የያዘ ቀን እንዲሁ ነበር አረማመዱ። ኪሱ በከባድ ነገር ተጎትቷል።

ዳር ላይ ሁለት ልጆች ሹራቧን ያዟት፤ ሆቴሉ ውስጥ የምትኖረው ፓርዋናና ታናሽ እህቷ። እናታቸው ከማዶ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ ለመሻገርም ለመጣራትም ፈርታለች።

"ሚስ ጃኒን፣ ሰዎቹ ወደ ባሕር ነው የሚሄዱት?" አለች ፓርዋና።

"ከባሕር እየመጡ ነው። አንቺ ነጩን መስመር እያየሽ ነው የምትሄጂው። ሩጫ የለም፣ እሺ?"

"ዛሬ ካፖርትሽ የታለ?"

"ታጥቦ ነው።"

ጃኒን ወደ መንገዱ መሃል ወጣች። ዘንጉን በሁለት እጇ አስፋልቱ ላይ ተከለችውና ክቡን ወደ ሰልፉ አዞረች።

ጎረምሶቹ ቆሙ።

የቆመው እግራቸው ነው፤ ጭንቅላታቸው ገና አላሰበበትም ነበር። በዚያች ከተማ ያደገ ሰው ያ ክብ ምልክት ከወጣ ይቆማል፤ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ በክረምትም በበጋም ሲቆም ኖሯል። ከኋላ የሚመጡት ከፊተኞቹ ጀርባ ጋር ተላተሙ። ጩኸቱ እንደተቆረጠ ገመድ ወደቀ። "ምንድን ነው? ምን ሆነ?" ይላል ከኋላ አንዱ ሽማግሌ። "ቀይ መብራት ነው!" ሲል ሌላው መለሰለት፣ ሳቅ ሆነ።

"ጃኒን ናት! የቴሌቪዥኗ!" ጭብጨባ ተነሳ።

ዞራ አላየቻቸውም። በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠች፤ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሻገር ጀመሩ። ፓርዋና እህቷን እየጎተተች መስመሩን ብቻ እያየች ሄደች።

"ለእነሱም መንገድ ትለቂያለሽ?" አለ ከፊተኞቹ አንዱ።

"ከትምህርት ቤት ለወጣ ሁሉ እለቃለሁ። ላንተም ለቅቄልሃለሁ ኮኖር፣ ያውም በየቀኑ ጓንትህን እየጣልክ።"

ጓደኞቹ ሳቁበት። ኮኖር ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበ። ዴክላን ብቻ አልሳቀም። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው።

በዚህ መሃል ጃስፐር ካሜራውን አስከትሎ በጎን በኩል እየሮጠ ደረሰ። ማይኩ ከአገጯ በታች ቆመ። "ጃኒንዬ፣ በቀጥታ ነን! አሁን ነው፤ ለአገሩ የምትይው ካለ ንገሪው!"

ነበራት። ስለ ሼረል ሥራ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ፣ በጨለማ ስለመጣው አውቶቡስ፣ ደግሞም ስለ ጃስፐር እራሱ የምትለው ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ከሰልፉ መሃል ሼረል በከንፈሯ ብቻ "ተናገሪ፣ ተናገሪ" ትላታለች። ጃኒን አፏን ከፈተች። ዓይኗ ግን የልጇ ኪስ ላይ ነበር፤ ጨርቁ ሲወጠርና ሲረግብ አየች።

ለጃስፐር ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ልጇ ተራመደች። ዘንጉን ደረቱ ላይ አስጠጋችው።

"ያዝልኝ።"

"እማዬ፣ ሰው እያየ..."

"ያዝልኝ ነው የምልህ።"

በግራ እጁ ያዘው። ነፋሱ ክቡን ሲመታው ዘንጉ ተንገዳገደ።

"በሁለት እጅህ፤ አንተ! በአንድ እጅ አይያዝም።"

ዴክላን ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። መዳፉ ላይ የመኪና ጎማ የሚታሰርበት ትልቅ ዳዶ ነበር፤ በላብ ረጥቧል። ካሜራው ከጀርባዋ ስለነበር ከእሷ በቀር ያየ የለም። ወሰደችበትና ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የብረቱ ሙቀት በጨርቁ ውስጥ አልፎ ጎኗን ነካት።

"ጃኒን፣" አለ ጃስፐር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ጊዜያችን እያለቀ ነው!"

"ትንንሾቹ ገና አልተሻገሩም፤" አለችው ሳትዞር። ከዚያ ለልጇ፣ "እስክመለስ እንዳታወርደው፤" አለችና የመጀመሪያ ክፍል ልጆች ወደቆሙበት ዳር ሄደች።