የአሉማው ዘር

ኤቢሴ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ የነጠላዋ ጫፍ መሬት እየጠረገ፣ ወደ መስኖው ቦይ ሮጠች።

"ኦቦ ጉርሙ! ውኃውን እንዳይለቁት! መጀመሪያ ይህን ይዩ!"

የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውኃ አባት አካፋቸውን ተደግፈው አዩ። ጓሮ ያደረው የሳህን ውኃ ላዩ በረዶ ሠርቷል። ባሏ ቱፋ ከኋላዋ እየሳቀ ደረሰ።

"ሰው ከጎረቤት እሳት ይዞ ይሮጣል፤ የኔዋ በረዶ!"

"ሳቅ! ዛሬ ጥር ሃያ ሦስት ነው። አምናም ጥር ሙሉ እንዲህ ነበር፤ ጽፌዋለሁ!"

ከብብቷ ሥር የጎልማሶች ትምህርት ደብተሯን አወጣች። አምና ባኮ ያለችው እህቷ አሉማ የሚባለውን ቅጠሉ የሚበላ ተክል በዘራች ቀን እሷም አምቦ ላይ ዘራች። ባኮ ሞቃት አገር መሆኑን ረስታ! ቀዩ ቡቃያ በአንድ ሌሊት ውርጭ ጠቁሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሳህኑን እያየች፣ ውርጭ የጣለበትን ቀን በተጣመመ ፊደሏ ስትጽፍ ከረመች። የአምናው የመጨረሻ ውርጭ የጣለው ጥር ሃያ ሰባት ነበር።

አሁን የቀራት ዘር አንድ ስኒ ብቻ ነው። ልጇ ዶርቃስ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ትወልዳለች። ጤና ጣቢያ ደሟ አንሷል ብለው፣ የአሉማ ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይሰጣት ብለዋል። ዛሬውኑ ቢዘራ በወደደች፤ የውኃ ተራዋም ዛሬ ነው።

"ተራሽ ካለፈሽ እኮ አሥራ ሁለት ቀን ትጠብቂያለሽ፣ አደ ኤቢሴ" አሉ ኦቦ ጉርሙ።

ኤቢሴ ወደ አጎራባቹ መደብ ዞረች። "ዘቢደር! የዛሬውን ተራዬን ውሰጂና የየካቲት አንዱን ተራሽን ስጪኝ። ያንቺ ነጭ ሽንኩርት እንደሆነ ብርድ አይፈራም።"

ዘቢደር ከጎነበሰችበት ቀና አለች። "ውኃ የሚሰጥ ሰው አየሁ! ወሰድኩ። ነገ ሞቀ ብለሽ ብትመጪ ግን አልመልስም፣ እወቂው!"

ኦቦ ጉርሙ ቦዩን ከፈቱ። ውኃው የኤቢሴን መደብ አልፎ እየተንፎለፎለ ወረደ። ፀሐይ ወጣች፤ የሳህኑ በረዶ ቀለጠ። ጀርባዋን ሞቅ ሲላት እጇ ሳታስበው ወደ መቀነቷ፣ ወደ ዘሩ ቋጠሮ ሄደ።

ፈታችውና ለቱፋ አስጨበጠችው።

"አንተ ጋ ይቀመጥ። እስከ የካቲት አንድ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።"

"ብታለቅሺስ?"

"ባለቅስም!"

የዛሬውን ሌሊት ውርጭ ልታይበት ሳህኑን ከቦዩ ሞላችና እየሳቀች ወደ ጓሮዋ ተመለሰች።