ከአንድ ቤት አንድ ስም

የተሳሳተ መዝገብ ሳይ ደሜ ይፈላል። ከአባቴ የወረስኩት ጠባይ ነው። አባቴ ገብረወልድ በድሬ ዳዋ ባቡር ጣቢያ ሃያ ስምንት ዓመት የዕቃ ጸሐፊ ነበር፤ መዝገቡና መጋዘኑ በአንዲት ጆንያ ከተለያዩበት ራት አይበላም። እኔ ልጁ ሣህሉ ደግሞ የትምህርት ገምጋሚ ሆንኩና በጆንያ ፋንታ ሰው ቆጠርኩ። በዚህ ጠባዬ ስኮራ ኖሬአለሁ። አሁን ሳወራው አፌን ይመረኛል።

በ1976 ዓ.ም. ጥር ወር አለቃዬ ጓድ ዘገዬ ጠራኝና አንድ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። ከደንገጎ ዳገት በላይ፣ መኪና ከሚቆምበት ሁለት ሰዓት በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ማሠልጠኛ ፋይል ነው። አገሬው «ኮሌጁ» ይለዋል። የመግቢያ ፈተና የለውም፤ ስንተኛ ክፍል ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ክፍያ ያጣ አንድ ሸክም እንጨት አምጥቶ ይገባል። ግንበኝነት፣ አናጢነትና የችግኝ ሥራ ያስተምራል።

«ያሉት ተማሪዎች ዘጠና አራት ብቻ ናቸው» አለኝ ጓድ ዘገዬ። «ሁለት መቶ ያልሞላ ይዘጋል ተብሏል። እይና እንዲዘጋ ጽፈህ ና።»

ላቤ ተንጠፍጥፎ ደረስኩ። ኮሌጅ የተባለው ሦስት የጭቃ ክፍልና አንድ የቆርቆሮ ዳስ ነው። እዚህ ድረስ ያስወጣኝን እየረገምኩ ቁጭ አልኩ። ኃላፊው መምህር ዲሪር የዚያው አገር ተወላጅ፣ ድሬ ዳዋ የተማረ ቀጭን ሰው ነው። የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂም ጠመንጃውን እንዳነገተ ከኔ ጎን አልጠፋ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው ደንቡ።

ሰኞ ጠዋት ስም ጠራሁ። «ዐያንሌ ዲሪዬ!» ስል አንድ ፂማም፣ ደረተ ሰፊ ጎልማሳ «አቤት» አለ። ማክሰኞ «ዐያንሌ ዲሪዬ!» ስል ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ሌላ ሰው «አቤት» አለ። ረቡዕ ደግሞ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ተነሣ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ፊት፣ አንድ ስም። ክው አልኩ! በጠራራ ፀሐይ፣ ገምጋሚ ተቀምጦ እያየ?

የልጁን ደብተር ቀማሁት። ውስጡ ሦስት የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ አንዱ ትልልቅ፣ አንዱ የተጋደመ፣ አንዱ ደቃቅ። ከየትምህርቱ ግርጌ ለነገው ሰው መልእክት አለ። «አሸዋ ሦስት፣ ሲሚንቶ አንድ። ነገ መሠረት ይጣላል፣ ገመድ ይዘህ ሂድ» ይላል።

«ይሄ ማጭበርበር ነው!» ብዬ ዲሪር ላይ ጮህኩበት።

«አቦ ሣህሉ፣ ቁጭ በል እስቲ» አለኝ። ድሬ ዳዋ ውስጥም አንቱታ ብርቅ ነው፤ ተራራው ላይ ጭራሽ የለም። «ከአንድ ቤት አንድ ስም ነው የምንጽፈው። አንዱ ሲማር ሌሎቹ ጫት ይለቅማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ማታ የተማረው ላልተማረው ያሳየዋል። ወላሂ፣ ማንንም አላታለልንም።»

«ታዲያ በጠቅላላው ስንት ናችሁ?»

ወደ ታጣቂው አየት አደረገ። «እሱ አይቆጠርም። እኛ ዘንድ ልጅ አይቆጠርም። የተቆጠረ ልጅ አይበረክትም ይላሉ ትልልቆቹ።»

ሳቅኩ። እናቴም ብትሆን ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን» ብላ ነው የምታልፈው። ግን እናቴ የኮሌጅ ኃላፊ አይደለችም። በሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ዘመን ስለ አጉል እምነት ረጅም ትምህርት ሰጠሁት። ታጣቂው አብሮኝ ሳቀ። ዲሪር አልሳቀም።

ያን ሌሊት ደስታ እንቅልፍ ነሳኝ። ኮሌጁን ሊገድለው የደረሰው የተማሪ እጥረት ሳይሆን የተሳሳተ መዝገብ ነው! መዝገቡ ከተቃና ማንም አይዘጋውም። እንዲዘጋ ተልኬ ላድነው ነው። በማግስቱ ይህንን ስነግረው ዲሪር እጅጌዬን ይዞ ወደ ዳሱ ጀርባ ጎተተኝ።

«ዘጠና አራት ብለህ ጻፍ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይዘጋል እኮ!»

«ይዘጋ።»

ደነገጥኩ። ኮሌጄ ይዘጋ የሚል ኃላፊ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። «ምክንያቱን ንገረኝ» አልኩት። አፉን ከፈተ። ታጣቂው ማዕዘኑን ዞሮ ብቅ አለና ክብሪት ለመነን።

«ነገርኩህ አይደል?» አለ ዲሪር። «አይቆጠርም።»

የተማረ ሰው ለአሮጊት ወሬ ሲገዛ ሳይ አዘንኩለት፤ ናቅኩትም። ቅዳሜ ዕለት ተማሪዎቹን ሁሉ በየመንደሩ አስጠርቼ ሜዳው ላይ ሰበሰብኳቸው። «እያንዳንዳችሁ ስማችሁን ካልጻፋችሁ ኮሌጁ ይዘጋል» አልኳቸው። ለአፍታ እርስ በርስ ተያዩ። ወደ ዲሪርም አዩ፤ ዲሪር መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ተሰለፉ። ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ መንደር። ገና በዚያ ዓመት ፊደል የለዩት እንኳ ላባቸውን ጠርገው በራሳቸው እጅ ጻፉ። ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ሆኑ።

የዲሪዬ ልጆች ሦስቱም መጡ። ፂማሙ ራሱ ዐያንሌ ነው፤ ጠባሳ ያለበት ዐብዱላሂ፤ ትንሹ ሃሺ። ሃሺ ዕድሜው ላይ አሥራ ስድስት ብሎ ጻፈ።

«ይሄ የአዋቂ ማሠልጠኛ ነው፤ አሥራ ስድስት አይያዝልህም» አልኩትና ብዕሩን ተቀብዬ በገዛ እጄ አሥራ ስምንት አደረግኩለት። ትልቅ በመባሉ ፊቱ በራ።

ከኋላው አንዲት ልጅ እንጨት ተሸክማ ቆማለች። እኅታቸው ዩሩብ ናት። «እኔስ?» አለች።

«ያለው አንድ ደብተር ነው፤ ተራው ለሦስት ነው፣ ለአራት አይበቃም» አላት ሃሺ። እንጨቱን ዳሱ ሥር አወረደችና ሄደች። ለከርሞ አልኳት እኔም፣ ጀርባዋን እያየሁ። ዲሪር ሊሸኘኝ አልወጣም።

ቤቴ ገብቼ ዝርዝሩን በሦስት ኮፒ፣ በካርቦን ገለበጥኩት። ኅዳጉን አባቴ እንዳስተማረኝ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አሠመርኩ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ለሠርጋችን ጥሪ እንኳ እንዲህ አልተጨነቅክም» እያለች ሳቀችብኝ። ጓድ ዘገዬ ወረቀቱን ሲያይ ተነሥቶ ጨበጠኝ።

«ሥራ ማለት ይሄ ነው! አንዱን ኮፒ ለሚመለከተው ክፍል እልከዋለሁ» አለ።

የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤው መጣ። ኮሌጁ አይዘጋም! ማኅተሙን ደጋግሜ አየሁት። ለዲሪር እንዲደርሰው ለተራራው ጭነት መኪና ሹፌር ልሰጠው በማለዳ ወጣሁ። በባቡር ጣቢያው በኩል ስደርስ ግን መንገዱ በእናቶች ተዘግቷል። አጥሩ ውስጥ ወታደራዊ ካሚዮኖች ቆመዋል። አንድ ድምፅ ስም ይጠራል።

«መቶ አሥራ ሰባት፣ ዐያንሌ ዲሪዬ!»

«አቤት!»

«መቶ አሥራ ስምንት፣ ዐብዱላሂ ዲሪዬ!»

«አቤት!»

«መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃሺ ዲሪዬ!»

«አቤት!»

ሦስት ስም፣ ሦስት ድምፅ። ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። ጠሪው ወታደር እጅ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። ሰማያዊ የካርቦን ኮፒ ነው። ኅዳጉ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ተሠምሯል።

የብሔራዊ ውትድርናውን አዋጅ በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ። ሰምቼ ራት በልቼ ተኛሁ። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የያዘው አባወራውን ብቻ ነው፤ የኮሌጁ መዝገብ ከአንድ ቤት አንድ ስም። የተራራውን ወንድ ልጅ ሁሉ ከነዕድሜው፣ ከነመንደሩ የያዘ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ የኔ። ዲሪር ታጣቂ ፊት ሊነግረኝ ያልቻለው ይሄንን ነው። እኔ ሳቅኩበት! አምላኬ፣ እኔ እኮ ሳቅኩበት!

እናቶቹን ገፍቼ በሩ ላይ ደረስኩ። «ጓድ! መቶ አሥራ ዘጠነኛው ልጅ ነው! አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው! ስሕተት አለ!»

ወታደሩ በጣቱ መስመሩን ተከተለ። «አሥራ ስምንት ይላል። ማነው የጻፈው?»

«እኔ» አልኩ።

አየኝ። መልሶ ወረቀቱን አየ። «እንግዲያ ምን ትለኛለህ?» አለና መቶ ሃያኛውን ጠራ።

ሃሺ ካሚዮኑ ላይ በወንድሞቹ መሀል ቆሞ አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ምነው በሰደበኝ ኖሮ። «ጋሼ ሣህሉ!» ብሎ ጮኸ። «ኮሌጁ አልተዘጋም አይደል?»

ደብዳቤው እጄ ላይ ነው። «አልተዘጋም» አልኩት።

ከሸሚዙ ውስጥ ደብተሩን አወጣና በአጥሩ ላይ ወረወረልኝ። «ለዩሩብ ላክልኝ! እንግዲህ ተራው የሷ ነው!»

ካሚዮኖቹ ከሄዱ በኋላ ደብተሩን ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ በዚያች ደቃቅ ጽሑፉ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ለነገው ሰው የተጻፈ አለ። «ዩሩብ፣ ጣሪያ ላይ ደርሰናል። ሚስማሩን ከመሀል ጀምሪ። ያልገባሽን ማታ የሚያሳይሽ የለም፣ መምህር ዲሪርን ጠይቂ።»

ደብተሩንና ደብዳቤውን አብሬ አሠርኩና ለሹፌሩ ሰጠሁት። ደብዳቤው «ማሠልጠኛው በሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ተማሪዎቹ ሥራውን ይቀጥላል» ይላል።