ደረቁ ወንዝ ላይ የቀረው መኪና

«ገፊ ነው» አለች አክስቷ፣ ከፔርሙሱ ቡና እየቀዳች። «የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ ባለቤቱን የበላ መኪና ገፊ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?»

«ኧረ ቀስ በይ፤ ልጅቷ ትሰማሻለች» አለቻት ከጎኗ የተቀመጠች ጎረቤት።

ሰምታለች። አክስቷ ሹክ ማለት አይሆንላትም፤ የእሷ ሹክሹክታ ሦስት ቤት ተሻግሮ ይሰማል። የሟቹ ልጅ፣ ነርሷ፣ ግን ዞር አላለችም። በሩ አጠገብ ተቀምጣ የሚመጣውን ለቀስተኛ ስትቀበል፣ የሚሄደውን ስትሸኝ ይህ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ተሞልቷል፤ የአንዱ ቁመት ከሌላው ስለማይገጥም ለቀስተኛው ከፍና ዝቅ ብሎ ነው የሚተክዘው። የእናቷ የስፌት መኪና ጨርቅ ለብሳ ጥግ ተገፍታለች።

ለሚጠይቃት ሁሉ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከአባቷ ጋር ከአስፋልቱ ወጡ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ገቡ። አባቷ ወርዶ ከፊት ከፊት እየመራት ሳለ ልቡ ቆመ። ስልክ አይሠራም ነበር፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ደርሶ አነሳቸው። አዲሱ መኪና እዚያው ወንዙ መሀል ቀረ። «ነርስ ሆነሽ እንኳን...» ብለው ጀምረው የሚተዉት አሉ፤ የቀረውን እሷው በሆዷ ትጨርስላቸዋለች።

በዚህ መልስ ያልረካች እናቷ ብቻ ነች።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ብላ ነበር የመጀመሪያው ቀን።

«ምንም አላለም፣ እማዬ።»

በማግስቱም ጠየቀች። ነርሷ አንጀቷ አልችል አለና ዋሸች። «ስምሽን ጠራ» አለቻት።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «ስሜን? ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ‹ስሚ› እንጂ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። ሊሞት ሲል ከየት አስታወሰው?»

ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሰው ሳይወድ በግድ ሳቀ። እናቷም ልትስቅ ብላ ፊቷ ተጨማደደና በሁለት እጇ ሸፈነችው።

ሟቹ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን «ገና» በሚል ስም ነው። «ጋሼ፣ ለፈተና ደረስኩ?» ብሎ ለሚጠይቀው ተማሪ ሁሉ መልሱ ይህችው ነበረች። ትናንት የጀመረውንም፣ ዓመት የደፈነውንም ገና ይለዋል። የገዛ ልጁን እንኳ ሁለት ዓመት ገና ሲላት ከረመና አንድ ጠዋት የፈተና ቀጠሮዋን ወረቀት ቁርስ ላይ ከሳህኗ ሥር አገኘችው። ደረሰች ለማለት አፉ አልታዘዝለት ብሎ ነው። ቀን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያንገላታ የሚውል የሚመስለው ሰው፣ እሷ የሌሊት ተረኛ በሆነች ቁጥር ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ለምን መጣህ ስትለው የጎማ ንፋስ ላስሞላ ነው የወጣሁት ይላታል።

ጡረታ በወጣ በስድስተኛው ወር ያንን መኪና ይዞ ከች አለ። ሰባት ወንበር ያለው፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ቁመቱ አጥሩን የሚያስንቅ። ለማስገባት የግቢው በር አንዱ ክንፍ መነቀል ነበረበት።

«እዚህ ቤት መኪና አለኮ» አለች እናቷ፣ የስፌት መኪናዋን መታ መታ እያደረገች። «ደግሞስ ሰባት ወንበር ለማን ነው? እኛ አራት ነን።»

«ገና ነን» አላት።

ወንድ ልጁም ሴት ልጁም ትዳር አልያዙምና ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«ሠላሳ ዓመት በሃያ ኪሎ ሜትር ነው የኖርኩት» ይል ነበር። «ያውም በሰው እጅ።» አንድ ቀን ቤተሰቡን ሁሉ ጭኖ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ማዶ፣ መንገድ የሌለበት መሄድ ነበር ምኞቱ። ቅዳሜ ተባለ። ቅዳሜ ሲደርስ ወንድ ልጁን ሥራ ጠሩት። እናትየው የሙሽራ ቀሚስ አልጨረሰችም፤ «ድንጋይ ለማየት ብዬ ድንጋይ ላይ አልንገጫገጭም፣ ሂዱ» አለች። ነርሷ ከአዳር ሥራ ወጥታ፣ ዓይኗ እየተከደነ፣ ብቻውን እንዳይሄድ ብላ ተከተለችው። አምስቱ ወንበሮች ላስቲካቸውን እንደለበሱ ከኋላ ባዷቸውን ይንኮሻኮሹ ነበር። እሱ ቅር አላለውም። በየጉድጓዱ «አየሽ? አየሽ ሲዋጠው?» እያለ፣ መኪናውን ራሱ የወለደው ይመስል ነበር።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ትከሻዋ በሩን የሚሞላ ሴት ነች። ዘጠኝ ጊዜ ፈተና የወደቀች የሟች ተማሪ መሆኗን ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ቡናዋን ይዛ ወሬ ጀመረች።

«ጋሼ ወርደው ከፊት ሆነው ነበር የሚመሩኝ። ነይ፣ ነይ፣ ነይ ይላሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ያነሱና ‹በቃ›። እሳቸው በቃ ካሉ እግር ፍሬን ላይ፣ እጅ መሪ ላይ ነው። መጥተው መስኮቱን ሳያንኳኩ ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን በቃ ብለውኝ ሄደው አጥር ሥር ተቀመጡ። ፀሐዩ ናላዬን እያዞረው ሩብ ሰዓት ጠበቅኳቸው። መጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?»

«ገና» አለ ቤቱ በአንድ አፍ፣ ሳቁም ተከተለ።

ነርሷ ተነስታ ማድቤት ገባች። ቧንቧውን ከፍታ የታጠበውን ብርጭቆ ሁሉ ደግማ ማጠብ ያዘች። እናቷ ከኋላዋ መጥታ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ንገሪኝ።»

«ምኑን፣ እማዬ?»

«ዝም ብዬሽ ነው እንጂ አይቼሻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የዋጥሽው ነገር አለ። ንገሪኝ።»

ነገረቻት። አባቷ ወንዙ አፋፍ ላይ አቁሞ፣ እያፏጨ፣ አሸዋውን እንዲይዙለት የጎማዎቹን ንፋስ እንደቀነሰ። «በሚመጣው ቅዳሜ እናትሽን በግድ ነው የማመጣት» ብሎ መሪውን ለእሷ ለቆ እንደወረደ። በትላልቆቹ ድንጋዮች መሀል ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ «ነይ፣ ነይ፣ ቀኝ ስበሪ፣ አይዞሽ ነይ» ሲላት እንደነበር። ከዚያ መዳፉን አነሳ። በቃ አለ። ዞሮ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣው ወደ ዓይኑ ወረደ።

«እግሬን ፍሬን ላይ፣ እጄን መሪ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት» አለች። «የሚፈትነኝ መሰለኝ። እየሳቅኩ ነበር፣ እማዬ። እንደ ድሮው ሊያናድደኝ ነው፣ ዛሬ አልሸነፍለትም ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ። ሁለት ዘፈን አለቀ። ሰባት ደቂቃ ነው። ልቡ ለቆመ ሰው ሰባት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ይህን ለሌላ ሰው ብነግረው ‹አስተማሪሽ ነው፣ ታዘዝሽ› ይለኛል። እኔ ግን ነርስ ነኝ።»

«በቃ ነው ያለው?»

«በቃ ነው ያለው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እንደ ሁልጊዜው። ለእኔ ይበለው ለራሱ፣ አላውቅም።»

እናቷ የቧንቧውን እጀታ ለቃ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ያን ቀን እስኪመሽ አላናገረቻትም፤ ውሃ እንኳ ስትፈልግ በአክስቷ በኩል ነበር የምትጠይቀው። ነርሷ በአባቷ ላይ እናቷንም የቀበረች መሰላት።

በማግስቱ ጠዋት የአውቶቡስ ሾፌሯ በትንሿ መኪናዋ ተመልሳ መጣች። በወንዙ ላይኛው በኩል ዝናብ ሲወርድ እንዳደረ የመስመሩ ሾፌሮች ነግረዋታል።

«ከሰዓት ይሞላል» አለች። «ቁልፉን ስጡኝና ሄጄ ላውጣው።»

«ይውሰደው» አለች አክስቷ። «እኔ ነግሬያችኋለሁ። ገፊን ውሃ ሲወስድልህ እጅ መንሳት ነው።»

እናትየው ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ጫማዬን አቀብሉኝ» አለች። ከዚያ በሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው ልጇ ዞረች። «ያስገባችው ታውጣው።»

ቅጣት ይሁን ሌላ ነገር፣ ነርሷ አልገባትም። ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት።

ሦስቱም በሾፌሯ ትንሽ መኪና ሄዱ። ከአስፋልቱ ወርደው ኮረኮንቹን ሲይዙ እናትየው በመስኮት ማየት ጀመረች። «ይኼን ነው ነይ እዪ ሲለኝ የነበረው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «መምጣት ነበረብኝ» አለች።

ትልቁ መኪና ወንዙ መሀል እንደተተወ ቆሟል። አቧራ ለብሷል፤ ወፎች ጣራውን መቀመጫ አድርገውታል። ነርሷ ገብታ ሞተሩን ስታስነሳ ሬዲዮው አብሮ ጮኸ፤ ተንደርድራ አጠፋችው። ፊት ለፊቷ አባቷ የተቀመጠበት ድንጋይ አለ። እግሯ ከፍሬኑ ላይ አልነሳ አላት።

«አልችልም» አለች በመስኮቱ።

የአውቶቡስ ሾፌሯ ልትሄድላት ስትል እናትየው ቀደመቻት። ጥቁር ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከመኪናው ፊት ቆመች። በሕይወቷ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ሆኖም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከስፌቷ ቀና ባለች ቁጥር በመስኮት የምታየው ባሏ የሰው መኪና ሲመራ ነበር። ድንጋዩን በጀርባዋ ከልላ ነፃ እጇን ዘረጋች።

«ነይ» አለች።

መኪናው አልተንቀሳቀሰም።

«ነይ፣ ልጄ።»

ልጄ ስትላት ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ነርሷ ፍሬኑን ለቀቀች። እናትየው ወደ ጎን ወደ ጎን እያለች በድንጋዮቹ መሀል ወደ መጡበት አፋፍ አዞረቻት። ግራና ቀኝ ይምታታባታል፤ እጇ ቀኝ ሲያሳይ አፏ ግራ ይላል። ነርሷ አፏን ትታ እጇን እያየች ነዳች። አንድ ጊዜ ጎማው ባለበት ዞሮ አሸዋ በተነ፤ አንድ ጊዜ የመኪናው ሆድ ድንጋይ ነክቶ አቃሰተ። የአውቶቡስ ሾፌሯ ዳር ላይ አፏን በመዳፏ ይዛ ቆማለች፤ ምላሷን እየበላትም ጣልቃ አልገባችም። በመጨረሻ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና አለና ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣው።

አፋፉ ላይ፣ ደረቁ መሬት ላይ ሲደርስ መቆም ነበረበት። እናትየው መዳፏን አነሳች። አፏ ተከፈተ። ቃሉ ግን አልወጣላትም። መኪናው ቀስ እያለ ይመጣል፣ እሷም ቀስ እያለች ወደ ኋላ ትሄዳለች። ደግማ ሞከረች፣ ደግማ ዘጋችው። ከዚያ ማፈግፈጓን ትታ ወደ ፊት መጣችና መዳፏን አቧራ የጠገበው ኮፈን ላይ አሳረፈች።

ነርሷ ፍሬን ረገጠች። እግሯ ፍሬን ላይ፣ እጇ መሪ ላይ ሆኖ ጠበቀች።

እናቷ አላስጠበቀቻትም። ኮፈኑን ሳትለቅ ዞራ መጣች፣ በሩን ከፈተች፣ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ከመሪው ላይ አላቀቀችላት።