የአደይ ኡሙሰልማ ባዶ ወረቀት

ቆቦ ባለው መጦሪያችን የፍቅረኞች ቀን ይከበር ያልኩት እኔ ነሲባ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ተሾመ «እነሱ ሰማንያ ዓመታቸው፣ አንቺ ቀይ አበባ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ እልኸኛ ነኝ። ማንም እንዳይቀር አሰብኩ፤ ባል የሞተባትም፣ ሚስቱን የፈታም፣ ጭራሽ ያላገባም። ቀኑ ከሁዳዴም ከረመዳንም በፊት ስለዋለ ምግቡ አላስቸገረም፤ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ለየብቻ ይታረዳል። ሁሉም የሚወዱትን ሰው ስም ይነግሩኛል፤ እኔ ቀይ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ።

አባ ሞላ ሦስት ስም አስጻፉ። አንዷም ሚስታቸው አልነበረችም።

አደይ ኡሙሰልማ ዘንድ ስደርስ ግን ወረቀቱ ባዶ ቀረ።

«የባልዎን ስም ይንገሩኝ እንጂ!»

«አስተግፊሩላህ! የባል ስም ይጠራል እንዴ?»

በድሮው ወግ ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ እያወቅኩ ረሳሁት። ችኩል ነኝና ቢሮ ገብቼ ከመዝገባቸው ላይ «በድረዲን» የሚለውን ገለበጥኩ፤ አምጥቼም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። እያለቀሱ ነበር።

«ግመል ሊገዙ ወደ አፋር ሲወርዱ የውሃ ቅላቸውን ረሱ» አሉኝ። «ይዤ ተከተልኳቸው። ዘመዶቻቸው አብረው አሉ፤ በስማቸው ብጠራ ነውር ነው። ‹አንቱ! አንቱ!› ብል ማን ይዙር? ቅሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። እሳቸውም በዚያው ቀሩ፤ ይኸው አርባ ዓመት። መሞታቸውንም ያየ የለም።»

«አደይ፣ በቃ ይቅር፤ ወረቀቱን ልቅደደው።»

«ተይው። በሩ ድረስ ውሰጅኝ።»

ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጁና ሚኒባሱ ይተራመሳል። ወደ አፋሩ ቆላ ዞሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ክንዴን ጨመቅ አደረጉት።

«በድረዲን!»

አንድ ባለ ባጃጅ ዞሮ አያቸው፤ እሳቸው አላዩትም። ደግመው ጠሩ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ናፍቆት እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

እንግባ ብላቸው እምቢ አሉ። ፀሐዩ ሲከር ወንበር አመጣሁላቸው። ግብዣው ተጀምሮ ተሾመ ሊጠራን መጣ።

«ቆይ እንጂ ልጄ» አሉት፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «አሁን ገና መጥራቴ ነው፤ አገሩ ሩቅ ነው።»