እህቴ ያሸገችው ላይብረሪ

ታላቅ እህቴ ላራስ፣ በእኛ አጠራር ምባክ ላራስ፣ ስትሞት አንድ ሥራ ሳትጨርስ ትታ ሄደች። ኤክስኤምኤል በሚባል ቅርጽ የተጻፉ ፋይሎችን ወደ ሠንጠረዥ የሚለውጥ የፓይተን ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ ነው። ኮዱን የጻፉት ሌሎች ናቸው። እሷ ግን ማንም ሰው ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በአንድ ትእዛዝ እንዲጭነው አሽጋ ታቀርበው ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። እስከ ዓርብ አዲሱን ቅጂ አሽጎ የሚረከብ ካልተገኘ ከሊኑክስ ማከማቻ ከነስሟ ይሰረዛል።

እኔ ኢንዶኔዥያ፣ ዮግያካርታ ከተማ ውስጥ ፎቶኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ማሸግ ማንም አላስተማረኝም፤ እስከ አርባ ቀኗ ጸሎት ድረስ ላፕቶፗ ላይ የድሮ ፋይሎቿን ሳገላብጥ ለመድሁት። አሸግሁት፣ ሠራ፣ በስሜ ወደ ማከማቻው ላክሁት።

በማግስቱ፣ እሷ ያሸገችውን እየሞከረ ስህተት የሚነግራት ጋላንግ ከማላንግ ከተማ ደወለ። በአካል አላውቀውም፤ ስሙን ግን ጠግቤዋለሁ። ላራስ እራት ላይ ስልኳን አይታ ፈገግ ትላለች። "ማነው?" ስላት፣ "ጋላንግ ነው፣ ስህተት አገኘብኝ" ትለኛለች። እኔ ስህተት ሳገኝባት ግን ትቆጣ ነበር።

"ማስ ሴኖ" አለኝ፤ "ማስ" በእኛ ወንድሜ እንደ ማለት ነው። "አላህ ይዘንላት። የላክኸው እኔ ጋ አልሠራም።"

"እኔ ጋ ይሠራል።"

"የት ሞከርከው?"

"በእሷ ላፕቶፕ ነዋ! በአንተ ልሞክር?"

"ችግሩ እሱ ነው። አዲሱ ቅጂ በፋይሎቹ ውስጥ የተጻፈውን ቀን የምታነብ ሌላ ትንሽ ላይብረሪ ይፈልጋል። እሷ ላፕቶፗ ላይ ጭናታለች፣ አንተ ግን አብረው የሚጫኑት ዝርዝር ላይ አልጻፍካትም። ምንም ያልተጫነበት ባዶ ኮምፒውተር ላይ ሞክረው፣ አይሠራም።"

"መጫኗን በምን አወቅህ?"

"ሆስፒታል ስትገባ ጽፋልኝ ነበር። 'ዝርዝሩን ስመለስ አስተካክላለሁ' ብላ።"

እኔን ያን ቀን "ቻርጀሬን አምጣልኝ" ብቻ ነበር ያለችኝ።

"ከከበደህ እኔ ልረከበው።"

"የማን እህት ናት? የአንተ ናት?"

"አይደለችም" አለ፤ "ግን እኔም አልቅሻለሁ፣ ማስ።" ስልኩን ዘጋሁበት።

ባዶ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት፤ እውነትም አልሠራም። የጎደለችውን መስመር ዝርዝሩ ላይ ጨምሬ መልሼ ላክሁት። በደንቡ ስህተቱን ያገኘ ሰው ስሙ ከሥራው ጋር ይጻፍለታል፤ የጋላንግን አልጻፍኩም። ሐሙስ ቀትር ላይ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጽ መልእክት መጣ። በቅጂዎቹ መዝገብ ከላይ የእኔ ስም፣ ከታች በድሮዎቹ ቅጂዎች ሁሉ የእሷ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። "ጥሩ ነው፣ ፎቶኮፒው ላይ ወረቀት ጨምር" አለኝ። እናቴ ምን እንደሆነ አልገባትም። ምን እንደሠራሁ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ደወልኩለት።

"አይቼዋለሁ" አለ፤ ስለ ስሙ ምንም አላነሳም። "ንጹህ ሥራ ነው።"

"የጻፈችልህን አንብብልኝ።"

"የትኛውን?"

"ሁሉንም።"

ማንበብ ጀመረ። ደንበኞች ተሰልፈው ሳለ፣ በእሱ እየቀናሁ ሰማሁት።